ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሳይክል፦ በአራት ቀን እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በድሮው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ፣ በሳይክል ደግሞ ሳይጣደፉ አራት ቀን። "ምን ጎድሎህ ነው?" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ግን ሰፈር ውስጥ በሰዓት እየተከራየ ሳይክል ለተማረ ሰው ለመጀመሪያ ረጅም ጉዞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። አስፋልት ነው። ከተሞቹ አይራራቁም። ከ2,300 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ዝዋይ (ባቱ) ስትደርሱ 1,640 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያው ባብዛኛው ወደ ታች ነው።

እኔ ሁለቴ ሄጄበታለሁ። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ። ከቤት የወጣሁት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰናብቶ ነው። የቀኑን ግማሽ በፀሐይና በመኪና ጭስ ጨረስኩት፣ በሁለተኛው ቀንም ያንኑ ደገምኩ፣ መቂ ስደርስ ሳይክሉን ሸጬ አውቶቡስ ብሳፈር ደስ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ የቀየርኩት አንድ ነገር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ እሆናለሁ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ እቆማለሁ። እግሬ ያው እግር፣ ሳይክሉም ያው ሳይክል ነበር። ከዚህ በታች ያለው ምክር ባብዛኛው ይቺን ሰዓት ለመጠበቅ ነው።

ሳይክሉን ማዘጋጀት

ውድ ሳይክል አያስፈልግም። ማርሽ ያለው፣ ለቁመታችሁ የሚሆን፣ ሁለቱም ፍሬን የሚይዝ ከሆነ ይበቃል። ጥርሳም የተራራ ጎማ ከሆነ ግን ለስለስ ባለ ጎማ ቀይሩት፤ አስፋልት ላይ ጥርሱ ጉልበት ይበላል። ከኋላና ከፊት የሚዘል ሞላ (ስፕሪንግ) ያለውን ሳይክል ተዉት፣ ስትረግጡ ጉልበታችሁን የሚውጠው ሞላው ነው።

የመቀመጫውን ከፍታ እንዲህ ለኩ። ተቀመጡ፣ ፔዳሉን ታች አድርሱት፣ ተረከዛችሁን አስቀምጡበት። ጉልበታችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። በእግር ጣታችሁ መርገጫ በኩል ስትረግጡ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። አብዛኛው ሰው መቀመጫውን በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው፣ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላል።

ጠጋኝ ጋ ከሰጣችሁት ደግሞ ሳትሞክሩ አትቀበሉ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ዋዜማ አንዱ ጋ አሠርቼ፣ ከፍዬ፣ ቤት አስገብቼ ተኛሁ። ዱከም ላይ ሻይ ልጠጣ ቆሜ የኋላውን ጎማ ሳነሳው አይዞርም። ፍሬኑ ጎማውን ይዞት ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት! እኔ ደግሞ "ይሄ ዳገት የማይታይ ዳገት ነው" እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ጎማ አንስታችሁ አሽከርክሩ፣ ሳይነካካ መዞር አለበት። ከዚያ ጭነቱን ሙሉ ጭናችሁ ሰፈራችሁን ዙሩ። የሚላላው ብሎን እዚያው ይላላ።

ጎማ መለጠፍን ቤት ውስጥ ተማሩ

ከሞጆ በኋላ የግራር አገር ነው። ግራር ደግሞ እሾህ አለው። ጥላ ብላችሁ ከሥሩ ስትቆሙ ሳይክሉን አትግፉት፣ ተሸከሙት ወይም አስፋልቱ ዳር ተዉት። እኔ ይቺን የተማርኩት በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ጎማ ተንፍሶብኝ ነው።

ያዙ፦ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ የእጅ መንፊያ፣ ለሳይክላችሁ ብሎኖች የሚሆኑ ቁልፎች፣ ትንሽ ጠርሙስ የሰንሰለት ዘይት። በማንኪያ ጎማ ማውጣት ይቻላል የሚላችሁን አትስሙ፣ ማንኪያው ራሱ ከመነዳሪውን ይበሳዋል።

ጎማ ሲተነፍስ መንገድ ላይ ለመለጠፍ አትቀመጡ። ትርፉን ቀይራችሁ ቀጥሉ፣ የተበሳውን ማታ ማረፊያ ቤት ለጥፉት። ግን አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን የውስጥ ገጽ ዙሪያውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ቀርቶ ከሆነ አዲሱም በአምስት ደቂቃ ይሄዳል። ካስገባችሁ በኋላ መጀመሪያ ትንሽ ንፉ፣ ከመነዳሪው በጎማውና በቸርኬው መሀል አለመቆንጠጡን አይታችሁ ነው ሙሉ የምትነፉት። በስንት እንደሚነፋ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ቫልቩ እንደ መኪና ወፍራሙ ዓይነት ከሆነ በየከተማው ጎሚስታ አለላችሁ። ቀጭኑ ከሆነ የእጅ መንፊያችሁን ጠብቁት። የጎሚስታ አየር ግን ለመኪና ነው፣ የሳይክል ጎማ በአንድ ትንፋሽ ሊያፈነዳ ይችላል። "በትንሽ በትንሹ" በሉት።

ጭነት

ጀርባ ላይ ቦርሳ የለም። ወገብ ይገድላል፣ ላብ ያጠምቃል። ሁሉም ነገር ከኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ፣ ከባዱ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወገን እኩል። በአሮጌ ከመነዳሪ ቅዳጅ ማሰር ከማንኛውም ገመድ ይሻላል፣ ግን ትርፍ ጫፉን አስገቡት፤ ተንጠልጥሎ ጎማው ውስጥ ከገባ በአፍንጫ ነው የምትወድቁት።

ከውሃ ውጭ ከ10 ኪሎ ካለፈ አንድ ነገር አውጡ። ማታ ማታ አልጋ ስለምትይዙ ብርድ ልብስም ቡታጋዝም አያስፈልግም (አዎ፣ እኔ ይዤ ነበር)። የሚነዱበት ልብስ ሁለት፣ የማታ አንድ፣ ለጠዋት ብርድ ጃኬት፣ የዝናብ ላስቲክ፣ ሳሙና፣ የፀሐይ ቅባት፣ ፓውር ባንክ፣ መታወቂያ። የራስ ቁርና አንጸባራቂ ሰደርያ ጭነት አይባሉም፣ ይለበሳሉ።

እግርን ማስለመድ

ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሩ። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት፣ እሁድ ደግሞ ረዘም ያለ፦ 30፣ 40፣ ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር። እግር ቶሎ ይለምዳል። የማይለምደው መቀመጫችሁ ነው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቅዳሜና እሁድን አከታትላችሁ ንዱ፤ በሁለተኛው ቀን መቀመጥ ካስቻላችሁ ሐዋሳ ትደርሳላችሁ። ማሳከክና መላጥ ከጀመረ በየማታው ታጠቡ፣ ደረቅ ቁምጣ ልበሱ፣ ቫዝሊን ተቀቡ። ማንም የማያወራው ነገር ስለሆነ ነው የነገርኳችሁ።

መቼ፣ እንዴት ብሎ መነሳት

ክረምቱን ተዉት። ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው። አካባቢው ወባ አለበት፣ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት፤ አጎበር የሌለው አልጋ አትያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ዜና ብቻ አትመኑ፣ መስመሩ ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችንና የምታድሩበትን ማረፊያ ደውላችሁ አነጋግሩ። "ቆይ" ካሏችሁ ቆዩ። ሐዋሳ የትም አትሄድም።

ቀን በቀን

የመጀመሪያው ቀን እስከ ሞጆ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከባዱ ከከተማ መውጣቱ ነው። ቃሊቲና አቃቂ በጭነት መኪና የታፈኑ ናቸው፣ ስለዚህ እሁድ ንጋት ላይ ውጡ፣ ወይም ያለ ምንም እፍረት ሳይክሉን መኪና ላይ ጭናችሁ ከዱከም ጀምሩ። ማንም አይፈትሻችሁም። የፍጥነት መንገዶቹ፣ የአዳማውም ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚሄደውም፣ ለሳይክል አይፈቀዱም፤ የድሮውን መንገድ ነው የምትይዙት። ቢሾፍቱ ላይ ቁርስ፣ ፉል ወይም እንቁላል ፍርፍር፣ ከዚያ ሞጆ።

ሁለተኛው ቀን ረጅሙ ነው፣ ከሞጆ ዝዋይ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሞጆ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ፣ ቆቃን፣ ዓለም ጤናን፣ መቂን ታልፋላችሁ። ሜዳ ነው፣ ይሞቃል፣ ከሰዓት ላይ ነፋስ ይነሳል። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ማርሹን አቅልላችሁ ቀስ በሉ። ከነፋስ ጋር እልህ የተጋባ ሰው ሲያሸንፍ አላየሁም። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ካልደረሳችሁ መቂ ላይ ምሳ ብሉ፣ ተኙ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱት። የመንገድ ዳር ሀብሀብ ካገኛችሁ አትለፉት። ዝዋይ ስትደርሱ አሳ ብሉ፣ አባ ኮዳዎቹን (ትልልቆቹን ወፎች) እዩ፣ ሐይቁ ውስጥ ግን አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ሦስተኛው ቀን እስከ ላንጋኖ ነው፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አጭር ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። እግር የሚያርፍበት ቀን ያስፈልጋል፣ ለማረፍ ደግሞ ከላንጋኖ የተሻለ የለም። ውሃው ሻይ ቢመስልም የሚዋኝበት ሐይቅ እሱ ነው። ማረፊያዎቹ ከአስፋልቱ ገባ ብለው በኮረኮንች ላይ ናቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ይሰቀላል። እሁድ ወጥታችሁ ማክሰኞ እንድትደርሱ ብታሰሉት ኪሳችሁ ያመሰግናችኋል።

አራተኛው ቀን ዳገት አለው። ከላንጋኖ 1,600 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ አርሲ ነገሌ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ገና ከታች ቀላሉ ማርሽ ውስጥ ግቡ፣ ወሬ ማውራት በምትችሉበት ፍጥነት ውጡ። ካቃታችሁ ውረዱና ግፉ፣ ነውር አይደለም። ሻሸመኔ ላይ ባጃጁም ጋሪውም እግረኛውም በአንዴ ነው የሚመጣው፣ ጣታችሁን ፍሬን ላይ አድርጉ። ከዚያ ወዲያ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ያውም ባብዛኛው ቁልቁል።

ውሃና ምግብ

ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ፣ በየከተማው ሙሉት። ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይርባችሁ ብሉ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ነገር አፍ ውስጥ ይግባ፦ ሙዝ፣ ተምር፣ ዳቦ ቆሎ። የኔ ምርጫ በሶ ነው። በሚዘጋ ኩባያ ዱቄቱን፣ ትንሽ ስኳርና ጨው አድርጋችሁ ያዙ፣ ሲርባችሁ ውሃ ጨምራችሁ በጥብጡ። ከውጭ በሚመጣው በደማቅ ወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ላይ ብር አትጨርሱ።

ላብ ብዙ ከወጣና ራስ ምታት ከጀመረ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ፣ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ጨውን በግምት አትጨምሩ። የቀኑ ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ውሃ አንሷችኋል።

መንገዱ ላይ

ሁለት መኪና ጎን ለጎን ሆነው ከፊታችሁ ከመጡ ከአስፋልት ውረዱ። "መብቴ ነው" ለሲኖ ትራክ አይገባውም። የኋላ መስታወት አስገጥሙ፣ የጆሮ ማዳመጫ አውልቁ፣ ሲመሽ አትንዱ። አገራችን ለዚህ ጥሩ ናት፣ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 12 ብርሃን ነው።

ልጆች ይሯሯጧችኋል፣ አንዳንዴ ድንጋይ የሚያነሳም አለ። ሮጦ ማምለጥ ጨዋታውን ያሞቀዋል። ቀስ ብላችሁ፣ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። መንገዱ ባብዛኛው ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆነ "አከም ጅርቱ?" (እንዴት ናችሁ?) እና "ገለቶማ" (አመሰግናለሁ) ብቻ እንኳ ብታውቁ ፊቱ ሁሉ ይፈታል። ትልቅ ሰው ካለ ደግሞ ለእሱ ሰላምታ ስጡ፣ ልጆቹን ራሱ ይቆጣላችኋል።

ውሻ ሲያባርራችሁ ውረዱ፣ ሳይክሉን በመሀላችሁ አድርጋችሁ በእግር ሂዱ፤ ብዙዎቹ የሚያባርሩት የሚሮጥን ነገር ነው። ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

አልጋ ከመያዛችሁ በፊት "ሳይክሉ ክፍል ይገባል?" ብላችሁ ጠይቁ። ግቢ ውስጥ ጥበቃ አለ ቢሏችሁም ክፍል ይግባ። ጥበቃው ሌባ ነው ለማለት ሳይሆን ማታ የግቢው ልጅ ሁሉ ማርሹን ሲሞክር ያድራል።

መመለሻ

በሳይክል መመለስ የምትፈልጉ ከሆነ አሁን ዳገቱ የእናንተ ነው። እኔ አልሞከርኩትም። ሐዋሳ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ ማስጫን ትችላላችሁ፣ ግን ዋጋውን ሳይክሉ ከመሬት ሳይነሳ ተስማሙ፤ ላይ ከወጣ በኋላ ሌላ ዋጋ ነው። ፔዳሎቹን ፍቱ፣ የግራው በተቃራኒ እንደሚፈታ አትርሱ። ሰንሰለቱና ማርሹ ያሉበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ማሰሩን ለረዳቱ አትተዉ፣ ራሳችሁ ውጡና እሰሩት።