የቅየሳ ጂፒኤስ አንቴና ሲጎዳ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

የወደቀ ወይም ውሃ የገባበት አንቴና ጨርሶ ሥራ ቢያቆም ቀያሹ ወዲያው ስለሚያውቀው ጉዳቱ የአንድ ቀን ሥራ ከማስተጓጎል አያልፍም። ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ሳተላይት እየያዘ፣ ስክሪኑም ላይ «ፊክስድ» (ቦታው በሴንቲሜትር ደረጃ ተወስኗል ማለት ነው) እያሳየ የተሳሳተ ኮኦርዲኔት የሚሰጠው አንቴና ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምልክቶች ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው አስቀምጫለሁ።

ሪሲቨሩ ይበራል፣ ሳተላይት ግን አይዝም

የቅየሳ አንቴና በውስጡ የሲግናል ማጉያ ስላለው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ይህንንም የሚያገኘው ሲግናሉ በሚመጣበት በዚያው ኬብል ከሪሲቨሩ (ሲግናሉን ተቀብሎ ቦታውን ከሚያሰላው መሣሪያ) ነው። ኬብሉ ከተቆረጠ ወይም መካከለኛው ሽቦ ከውጭኛው መከለያ ጋር ከተነካካ አንቴናው ደህና ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል። በመሆኑም አንቴናውን ከመኮነን በፊት ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ነቅሎ በመልቲሜትር መፈተሽ ይገባል፤ መካከለኛው ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘት፣ ከመከለያው ጋር ግን ፈጽሞ አለመገናኘት አለበት። ከዚያ ሪሲቨሩን አብርቶ በአንቴና መውጫው ላይ ያለውን ቮልቴጅ መለካት ነው፤ ብዙ መሣሪያዎች ከ3.3 እስከ 5 ቮልት የሚሰጡ ሲሆን ከዚያ በላይ የሚሰጡም ስላሉ መመሪያውን መመልከት ያሻል። ሲለኩ የመልቲሜትሩ ጫፍ መካከለኛውን ፒንና የኮኔክተሩን አካል በአንድ ጊዜ እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሾርት ከተፈጠረ ሪሲቨሩ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ኬብሉ ጤነኛ ሆኖ ቮልቴጁም ካለ ጥፋቱ በአብዛኛው የአንቴናው ነው፤ ቮልቴጁ ከሌለ ግን አንቴና መቀየር ችግሩን አይፈታም።

ሳተላይት ይይዛል፣ ግን ከ«ፍሎት» አይወጣም

«ፍሎት» ማለት ሪሲቨሩ ገና ወደ «ፊክስድ» ትክክለኛነት ያልደረሰበት ሁኔታ ነው። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ሳተላይት የሲግናል ጥንካሬ ማየት ይጠቅማል። የደከሙት በአንድ አቅጣጫ ያሉት ብቻ ከሆኑ ምክንያቱ ሕንፃ ወይም ዛፍ ነው። ከራስ በላይ ያሉትም ጭምር እኩል ከደከሙ ግን ኮኔክተሩ ዝጓል፣ ክዳኑ ተሰንጥቆ እርጥበት ገብቷል፣ ወይም በአቅራቢያው የሚረብሽ የሬዲዮ ማሰራጫ አለ። የመጨረሻውን ለመለየት መሣሪያውን ራቅ ወዳለ ቦታ ወስዶ ማየት ይበቃል። ኤል1 እና ኤል2 ሳተላይቶቹ የሚያሰራጩባቸው የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው፤ የኤል1 ሲግናል ደህና ሆኖ የኤል2 ብቻ ከጠፋም የአንቴናውን ውስጣዊ ጉዳት መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሲግናሉ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ፍሎት ከቀጠለ ችግሩ ከቤዝ (በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ እርማት ከሚልከው ሁለተኛ መሣሪያ) በሬዲዮ የሚመጣው እርማት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የተሰበረውም የሬዲዮው ቀጭን አንቴና ነው። ይህ አንቴና በሌለበት የቤዙን ሬዲዮ እንዲያሰራጭ ማድረግ የማሰራጫውን ማጉያ ሊያቃጥል ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

«ፊክስድ» ነው፣ ኮኦርዲኔቱ ግን አይገጥምም

የአንቴና ልኬት የሚነሳው በዓይን ከማይታይ የፌዝ ማዕከል ከሚባል ነጥብ ሲሆን፣ አንቴናው ክፉኛ ሲወድቅ የውስጥ ክፍሉ ከቦታው ሊንሸራተትና ይህም ነጥብ አብሮ ሊዛወር ይችላል። ሪሲቨሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ለማረጋገጥ አንቴናውን በትራይፖድና በትሪብራክ (ደረጃ ማስተካከያ ባለው መቀመጫ) ላይ በደንብ አስተካክሎ መለካት፣ ከዚያ ትራይፖዱን ሳይነኩ አንቴናውን ብቻ 180 ዲግሪ አዙሮ እንደገና መለካት ነው። ሁለቱ ውጤቶች ከመሣሪያው የተለመደ ስህተት በላይ ከተራራቁ ማዕከሉ ተዛውሯል፤ የመዛወሩም መጠን የልዩነቱ ግማሽ ነው። ፈተናው በፖል (በእጅ በሚያዝ የመለኪያ ዘንግ) መሠራት የለበትም፤ 2 ሜትር ፖል በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ጫፉ 3.5 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚርቅ ስህተቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ማዞር የከፍታን ስህተት ስለማያሳይ ደግሞ ከፍታውን ከታወቀ ቤንችማርክ (ከፍታው አስቀድሞ ከተረጋገጠ ነጥብ) ጋር ማነጻጸር የግድ ነው።

እንዲህ ያለውን አንቴና በሙጫ መጠገን ወይም ከፍቶ ማቃናት አልመክርም። ክዳኑ ላይ የሚጨመር ሙጫም ሆነ ቀለም የሲግናሉን አቀባበል ይለውጣል፤ አንዴ የተከፈተም ክዳን ውሃ መከላከሉ አያስተማምንም። መላክ የሚገባው መለካትና ማስተካከል ወደሚችል የአምራቹ ጥገና ክፍል ሲሆን፣ አንቴናው ከሪሲቨሩ ጋር አንድ አካል ከሆነ ሙሉ መሣሪያው ይላካል።

ሌላ አንቴና ከተተካ ትክክለኛው ሞዴል በሶፍትዌሩ ውስጥ መመረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የቀድሞው ሞዴል ከቀረ የሁለቱ ልዩነት በቀጥታ ወደ ከፍታው ይገባል። ከዚያም ቢያንስ ሁለት የታወቁ ኮንትሮል ነጥቦችን (ኮኦርዲኔታቸው አስቀድሞ የተረጋገጠ) ለክቶ ማነጻጸር፣ ጉዳቱ ከመታወቁ በፊት የተሰበሰበውንም መረጃ መመርመር ይገባል። የተበላሸበት ቀን በእርግጠኝነት ካልታወቀ፣ በኮንትሮል ነጥብ ላይ መሣሪያው ትክክል መሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከተረጋገጠበት ወዲህ የተለካው ሁሉ እንደገና መለካት አለበት።