ያገለገለ ኮርስ ሳይክል ለውድድር ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አራት ኪሎ አካባቢ ሳይክል እጠግናለሁ፤ እሁድ ጠዋት ደግሞ ውድድር ከሚጀምሩ ልጆች ጋር እነዳለሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስለሰለቸኝ ነው። ልጆቹ ያላቸውን ገንዘብ አራግፈው ከገዙ በኋላ "እስቲ እየው" ብለው ያመጡልኛል። ከመግዛታቸው በፊት ቢደውሉ ግማሽ ሰዓት ይበቃን ነበር። አዲስ ኮርስ ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም። ያገለገለ መግዛት ትክክል ነው፣ እኔም የምነዳው ያገለገለ ነው። ግን ተያይቶ ይገዛ!

መጀመሪያ ልክ። እባካችሁ ልክ! የፍሬሙን፣ የሳይክሉን ዋና አካል ማለት ነው፣ ልክ ሳይጠይቅ ሳይክል የሚገዛ ሰው ዛሬም አለ። በቅርቡ አንድ ልጅ 58 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ይዞ መጣ። ቁመቱ 1.68 ገደማ ነው፤ የሱ ልክ 52፣ በዛ ቢባል 53 ነው። "ጋሼ፣ ዋጋው እኮ ጥሩ ነበር፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌዋለሁ" አለኝ። ኮርቻው ዝቅ ይላል፣ ፍሬሙ ግን አያጥርም። ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው ርቀት እንዳለ ነው። ልጁ ክንዱ ተወጥሮ፣ አንገቱ ደርቆ፣ ትንሽ ከነዳ በኋላ ጣቶቹ እየደነዘዙ ነበር የሚነዳው። ሻጩ ደግሞ "መፍትሄ" ብሎ ስቴሙን፣ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘውን ማለት ነው፣ 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቀየረለት። ኮርስ ላይ ስቴም አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ስቴሙ እንዲህ ሲያጥር ክብደታችሁ ከፊት ጎማው ይሸሻል፣ መሪው በትንሽ ንክኪ ይዞራል። በዚህ ሳይክል ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል መውረድ ልጅን አደጋ ላይ መጣል ነው። ይህን እያወቀ "ይሆንሃል" የሚል ሻጭ በጣም ያናድደኛል።

ስለዚህ ሜትር ያዙ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ግድግዳ ተደገፉ። መጽሐፍ በእግራችሁ መሃል እስከ ላይ ጠበቅ አድርጉና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጀርባ ያለውን ለኩ። ያንን በ0.883 አባዙት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ከፔዳሉ ክራንክ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት በግምት እሱ ነው። ሳይክሉን በዚህ ልክ ስታስተካክሉት የኮርቻው ዘንግ ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ከሆነ ፍሬሙ ትልቅ ነው። ዘንጉ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ምልክት ከወጣ ደግሞ ትንሽ ነው። ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ ፋብሪካዎቹ የሚለኩት በተለያየ መንገድ ነው። የላይኛው ቱቦ ያዘቀዘቀ ከሆነ በአግድም፣ ከመሪው ቱቦ መሃል እስከ ኮርቻው ዘንግ መሃል ለኩ። ከሚመቻችሁ ሳይክል ጋር አወዳድሩት። በሁለት ልክ መሃል ከወደቃችሁ ትንሹን ውሰዱ። ስቴም ማስረዘም ይቻላል፤ ፍሬም ግን የሚያሳጥር የለም።

ሁለተኛው የካርቦን ፍሬም ነው። እዚህም ብዙ ገንዘብ ጠፍቷል። ካርቦን ሲመታ እንደ ብረት አይጎብጥም። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። "ወድቋል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁሌም "አልወደቀም" ነው። "የት ጋ ነው የወደቀው?" በሉ። ሐቀኛ ሻጭ ያሳያችኋል፣ ሌላው ደግሞ ሲደናገር ታዩታላችሁ። ከዚያ ሳይክሉን እጠቡት፣ በቆሻሻ ላይ ስንጥቅ አይታይም። በፀሐይ ብርሃን የመሪውን ቱቦ ዙሪያ፣ የክራንኩን አካባቢ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን ሁለት ቀጭን ቱቦዎች፣ የኮርቻው ዘንግ የሚታሰርበትን ቦታ ተመልከቱ። በሳንቲም ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉ። ደህናው ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ውስጡ ተላቅቋል ብላችሁ ጠርጥሩ። የፊት ሹካውንም አስወጡት። በስቴሙ ስር የሚያልፈው ቱቦ ከተሰነጠቀ መሪው በእጃችሁ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው በፍጥነት ላይ ነው።

እንግዳ ቦታ ላይ የተለጠፈ ስቲከር አንሱት። ቱቦው መሃል ላይ ብቻውን ያለ ስቲከር ከስሩ ምን እንዳለ እወቁ። አዲስ ቀለም የተቀባ ካርቦንን ደግሞ እኔ ጭራሽ አልገዛም። አሮጌ ሳይክል ላይ ማንም በነፃ ቀለም አይቀባም።

አሉሚኒየም ሲሆን ብየዳዎቹን እዩ፣ በተለይ የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን የስር ጎን። ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ተዉት። "በያጅ ያስተካክለዋል" ሲሏችሁ አትስሙ፤ አሉሚኒየም ፍሬም ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ በተራ ብየዳ ያ ጥንካሬ ይጠፋል። ብረት ግን ይበየዳል፣ ይቃናልም። የብረት ፍሬም ከፊት ሲጋጭ ከመሪው ቱቦ ኋላ ቀለሙ ይሸበሸባል፤ በጣታችሁ ዳብሱት። ብረትን ደግሞ ልጆቹ ሲንቁት ያሳዝነኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ በዚያ ዘመን ውድድር በአብዛኛው በብረት ነበር። ለመጀመሪያው ዓመት ደህና የብረት ኮርስ ከተሰነጠቀ ካርቦን መቶ ጊዜ ይሻላል።

የክሮኖ ሳይክል ለመንገድ ውድድር አትግዙ። ክንድ የሚያሳርፈው ረጅም መሪ ለብቻ ከሰዓት ጋር ለሚደረግ ፉክክር ነው። ሁሉም አብሮ በሚነሳበት ውድድር አይፈቀድም። ደግሞም ፍሬኑ ከእጃችሁ ይርቃል፣ በቡድን መሃል ለሌላውም አደጋ ነው።

ማርሽ ላይ ብዙ ሰው አያስብም። "የፊቱ ጥርስ ስንት ነው?" ስላቸው ዝም ይላሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። አየሩ ቀጭን ነው፣ ዳገቱም አይምርም። ያገለገሉ የድሮ ኮርሶች ብዙዎቹ ከፊት ባለ 53 እና 39 ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ከ11 እስከ 23 ጥርስ ይዘው ይመጣሉ። ትንሹ ማርሽ 39 በ23 ሲሆን ፔዳሉን አንዴ ስታዞሩ 3.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 34 በ28 ብታደርጉት ግን 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ስትወጡ ጉልበታችሁ ላይ ይታያል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ግን የሱ እግር የዓመታት ሥራ ነው። እናንተ ገና ናችሁ፣ ለጉልበታችሁ እዘኑለት። "በኋላ 34 አስገባለሁ" ብላችሁም አትግዙ። የክራንኩ ብሎኖች የተቀመጡበት ክብ 130 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ38 ያነሰ ጥርስ አይገባበትም፣ ክራንኩ ራሱ መቀየር አለበት። ለ34 የሚሆነው 110 ነው።

ከዚሁ ጋር መለዋወጫ። እዚህ አገር የማይገኝ ዕቃ ያለበት ሳይክል ርካሽ አይደለም። የ10 ማርሽ መቀየሪያ እጀታ ከ11 ማርሽ ካሴት፣ ከኋላው የጥርሶች ስብስብ ማለት ነው፣ ጋር አይሠራም። ሺማኖ የሚባለው ፋብሪካ የ11 ማርሽ የኋላ እምብርት፣ ካሴቱ የሚገባበት የጎማው መሃል ማለት ነው፣ ከ10ሩ በ1.85 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ስለዚህ በድሮ ጎማ ላይ 11 ካሴት አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። የሌላው ፋብሪካ፣ የካምፓኞሎ ካሴት በሺማኖ እምብርት ላይ አይቀመጥም። የኋላ ጎማ የሚገባበት ክፍተት በጣም የድሮው ፍሬም ላይ 126 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፍሬኑ ቸርኬውን (የጎማውን ክብ) በሚይዘው የኋለኛው ኮርስ ላይ 130፣ ባለ ዲስክ ፍሬኑ ላይ ደግሞ 142። አንድ ጎማ ለመቀየር መርካቶን ስትዞሩ ከምትውሉ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚሰቀልባትን ትንሽ ብረትም እዩዋት። አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬም ፍሬም ትለያለች፣ ከተሰበረች ሳይክሉ ይቆማል። ሻጩ ትርፍ ካለው አብራችሁ ውሰዱ። ኤሌክትሪክ ማርሽ ያለ ቻርጀሩ አትግዙ።

ቸርኬውን አዙሩት። ቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን ካለው፣ የፍሬን ሸራው የሚነካው ቦታ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው አልቋል። ዝናብ፣ ጭቃና የእንጦጦ ቁልቁለት ቸርኬን ቶሎ ይበላሉ። የካርቦን ቸርኬ በዚህ ዓይነት ፍሬን ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግላል፣ ሙቀቱ ሊያላቅቀው ይችላል። በማስቲሽ የሚለጠፈውን ጎማ ለመጀመሪያ አትመኙት። ሲተነፍስ ስፌቱን ቀዶ፣ ጠግኖ፣ መልሶ መስፋት ነው።

ሰንሰለት፦ ከአንድ ፒን መሃል ጀምራችሁ 24 ቀለበት ቁጠሩ፣ አዲስ ከሆነ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 30.7 ከደረሰ ይቀየራል፣ 30.8 ካለፈ ካሴቱንም በልቶታል።

የኮርቻውን ዘንግ ብሎን አላሉና አዙሩት። ካልተንቀሳቀሰ ዝጎ ተጣብቋል። እሱን ለማውጣት ሲታገሉ ፍሬም የሰበሩ ሰዎች አይቻለሁ።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ከሩቅ የተነሳ አንድ ፎቶ አይበቃም። የክራንኩን ስር፣ የመሪውን ቱቦ ከሁለቱም ጎን፣ ካሴቱን፣ የሴሪያል ቁጥሩን ቅርብ ፎቶ ጠይቁ። ሻጩ ለመላክ ከደከመው ይቅር።

ሳትነዱት አትክፈሉ። እሁድ በማለዳ መኪና ሳይበዛ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሀር ውረዱ። ፍሬኑ ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል? ሳይክሉ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል? ከዚያ በዚያው መንገድ ተመለሱ፤ ዳገቱ ላይ ጠንክራችሁ እየረገጣችሁ ማርሽ ቀይሩ። ሰንሰለቱ ከዘለለ፣ ክራንኩ ጋ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታውና ካሴቱ የሚያስወጣችሁን አስባችሁ ከዋጋው አስቀንሱ። ደልዳላ አስፋልት ላይ በዝግታ አንድ ዙር መዞር ምንም አይነግራችሁም።

የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያዙ፣ ከክራንኩ ስር ያለውን ሴሪያል ቁጥር የሽያጭ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። የተሰረቀ ሳይክል ይዞ ውድድር ላይ ባለቤቱ ፊት መቆም ከባድ ነው።

ገንዘባችሁን በሙሉም ለሻጩ አትስጡ። ጥቂት አስቀሩ። መጀመሪያ የፍሬን ሸራና ገመድ ቀይሩበት፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ቀጥሎ ሰንሰለት። የመሪው መጠቅለያና አዲሱ ኮርቻ እስከሚቀጥለው ደመወዝ ይቆዩ።