ማታ ደህና ገብታ ጠዋት አልነሳም የምትል መኪና፦ ፍለጋውን የሚያበላሹ ስህተቶች

መኪናዋ ቆማ ሳለ ባትሪዋን የሚጨርሰው ነገር ሲፈለግ፣ ባትሪው ሳይፈተሽ ሽቦ መነካካት የለበትም። ባትሪውን በቻርጀር ሞልተው፣ ኔጌቲቭ ኬብሉን ፈትተው ያሳድሩት። ማታ 12.6 ቮልት የነበረው ጠዋት 12.1 ካለ ችግሩ ራሱ ባትሪው ነው፤ ሽቦው ምንም አላደረገም። መኪናዋ ከመንገድ እንደገባች የሚለካ ቮልት ግን ያታልላል። የፊት መብራቱን ሁለት ደቂቃ ያህል አብርተው ያጥፉና ጥቂት ቆይተው ይለኩ።

ሒሳቡን የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ልፋት የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ባትሪው 45 አምፔር ሰዓት ነው እንበል፤ ማለትም 1 አምፔር ለ45 ሰዓት ያህል ይሰጣል። ቆማ ያደረች መኪና ለሰዓቷ፣ ለአላርሟና ለኮምፒውተሯ እስከ 50 ሚሊአምፔር ብትወስድ ጤነኛ ናት። ይህ በ24 ሰዓት 1.2 አምፔር ሰዓት ስለሆነ የባትሪውን ግማሽ ለመጨረስ ከ18 ቀን በላይ ይፈጅበታል። የኋላ ኮፈን ውስጥ በርታ የቀረች 5 ዋት አምፖል እንኳ በ10 ሰዓት 4 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው የምትበላው፤ ጤነኛ ባትሪ በእሷ አይወድቅም። ሁለት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖሎች ግን 3.5 አምፔር ይስባሉ፤ እስኪነጋ 35 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ድምጥማጡ የሚጠፋ ጥሩ ባትሪ ካለ የሚፈለገው በአምፔር የሚቆጠር ነገር ነው። የፍሬን ፔዳሉ ላይ ስዊቹን የምትገፋው ትንሽ ጎማ ተሰባብራ ወድቃ፣ መብራቱ ሲበራ ያድር ይሆናል፤ ወይም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ስዊች) ተጣብቋል፤ ወይም የዲናሞው ዳዮድ (ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል) ተበላሽቷል።

ከሁሉ የሚያናድደው መኪናዋ ሳትተኛ መለካት ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ መልቲሜትሩ (የቮልትና የአምፔር መለኪያው) 2 አምፔር ሲያሳይ «አገኘሁት!» ይባልና ዳሽቦርድ መፍታት ይጀመራል። ምን ተገኘ? በር ሲከፈት የነቁት ኮምፒውተሮች ናቸው። ተመልሰው እስኪተኙ እንደ መኪናው ዓይነት ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። የበሩን መቆለፊያ በካቻቪቴ ገፍተው የተዘጋ ያስመስሉት፣ የኮፈኑንም እንዲሁ፣ ስማርት ቁልፉን ከመኪናዋ ጥቂት ሜትር ያርቁ፣ ከዚያ ሻይዎን ጠጥተው ይምጡ። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ታዩታላችሁ፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው።

ሰው ይህን ጠብቆ ሲያበቃ ደግሞ ፊውዝ እየነቀለ መልሶ ይሰካል! አንዱን ፊውዝ ሲመልሱ ያ ኮምፒውተር እንደገና ይነቃል፣ ቁጥሩ ይዘላል፣ የተጣበቀ ሪሌም ካለ ይለቅና ጥፋቱ ለጊዜው ይደበቃል። ፊውዙን ሳይነቅሉ መለካት ይቻላል። መልቲሜትሩን በዲሲ (በባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ) ሚሊቮልት ላይ አድርገው፣ ፊውዙ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ይንኩ። ዜሮ ካለ በዚያ መስመር የሚያልፍ ነገር የለም። በባለ 10 አምፔር ፊውዝ ላይ 1 ሚሊቮልት ማለት በግምት ከ100 ሚሊአምፔር በላይ ነው። መንቀል የሚገባው ንባብ የሰጠው ፊውዝ ብቻ ነው።

አምፔር ሲለኩ ቀዩ ሽቦ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ይግባ፤ መልቲሜትሩም በኔጌቲቭ ምሰሶውና በኬብሉ መካከል ይሁን። በሁለቱ የባትሪ ምሰሶዎች ላይ ካደረጉት ሾርት ነው። ኬብሉን ከማንሳትዎ በፊት አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ፣ ሌላውን ኬብሉ ላይ ያስይዙ፤ ኃይሉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በዚህ ሁኔታ ሞተር ማስነሳት አይሞከርም፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ሽቦውን አቅፎ የሚለካ ባለ መንጋጋ መለኪያ ከሆነ ዲሲ የሚለካ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ርካሾቹ በአብዛኛው ኤሲ (የቤት ኤሌክትሪክ) ብቻ ናቸው።

ፊውዞቹ ሁሉ ዜሮ እያሉ አምፔሩ ካልወረደ ብዙዎች ግራ ይጋባሉ። የዲናሞውና የሞተሪኖው ወፍራም ኬብሎች በትንንሾቹ ፊውዞች አያልፉም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ዲናሞው ብቻ ለብ ካለ፣ ዳዮዱን ይጠርጥሩ። ኔጌቲቩን ከባትሪው ፈትተው፣ ከዲናሞው ጀርባ ወፍራሙን ኬብል ነቅለው በላስቲክ ይጠቅልሉና እንደገና ይለኩ። ዲናሞ ለመፈተሽ ብሎ ሞተር እየሠራ የባትሪ ኬብል መንቀል ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ የሚዘለው ቮልት ኮምፒውተሩን ሊገድል ይችላል።

ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመውን ነገር መጨረሻ ላይ ማየትም ያው ስህተት ነው። ቴፕ፣ ጂፒኤስ፣ አላርም፣ ካሜራ፦ መጀመሪያ እነሱ ይታዩ። ቴፑ ላይ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ያለው መስመር ላይ፣ ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል በሚያገኘው መስመር ላይ መሆን አለበት። የቸኮለ ገጣሚ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ በፕላስተር ይጠቀልላቸዋል፤ ስክሪኑ ጠፍቶ ቢታይም ውስጡ አይተኛም። ጠምዛዛውን ፈትተው ቀዩን በቁልፍ ወደሚከፈተው መስመር ያዛውሩ፣ በሩን ዘግተው እንደገና ይጠብቁ፣ ከ50 ሚሊአምፔር በታች እስኪወርድም ዳሽቦርዱን አይግጠሙ።