የእጅ አንጓዬ ሕመም እንዴት ለቀቀኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ እውላለሁ። ባለፈው ክረምት ቀኝ እጄ ከዳኝ። አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሃል ጣቴ ሌሊት እየደነዘዙ ይቀሰቅሱኝ ጀመር። አንገቴም ደረቀ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ብርዱን ነበር። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቅባት ቀባሁ፣ አልሆነም። ጤና ጣቢያ ስሄድ ባለሙያዋ ስለ ወንበሬ ጠየቀችኝ። ወደነዚህ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በእጅ አንጓ በኩል ነው የሚያልፈው፤ አንጓው ታጥፎ ሲውል ይጨመቃል አለችኝ።

እውነትም ጠረጴዛዬ ከፍ፣ ወንበሬ ዝቅ ያለ ነበር። ብርድ ልብስ አጥፌ ወንበሩ ላይ አነጠፍኩ፤ ክርኔ ከኪቦርዱ እኩል ሆነ። እግሬ ሲንጠለጠል ከሥሩ ብሎኬት አደረግኩ። ላፕቶፑን የስክሪኑ አናት ከዓይኔ ትይዩ እስኪሆን በካርቶን አስነሣሁት። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ገዛሁ። ወጪዬ ይኸው ነው።

በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ በመስኮት ሩቅ አያለሁ። በየሰዓቱ እነሣለሁ፣ ደንበኛ ቢቸኩልም። ጠዋት ጠዋት ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አደርጋለሁ፤ የቀዘቀዘ እጅ ይገተራል፣ ቁልፉን በኃይል ይመታል።

ሌሊት መቀስቀሱ በ3 ሳምንት ቀነሰ፣ በ2 ወር ጠፋ። ጣታችሁ መደንዘዝ ከጀመረ ወይም ዕቃ ከእጃችሁ ከወደቀ ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔ የሄድኩት 4 ወር ዘግይቼ ነው።