ከኒውተን ወደ ፒኮኒውተን ስትቀይሩ መልሱ አልመጣ ካለ

ፒኮኒውተን የኒውተን አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። መልሱ አልገጥም ካላችሁ፣ ሂሳቡን ከሀ ጀምራችሁ ከመድገማችሁ በፊት፣ ያገኛችሁትን ቁጥርና ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን መልስ አስተያዩ። በስንት እጥፍ ይለያያሉ? ጥፋቱን የሚያጋልጠው እሱ ነው።

በ9.8 እጥፍ ከሆነ ኪሎግራምን እንደ ፎርስ ቆጥራችኋል። አንድ ኪሎግራም-ፎርስ 9.80665 ኒውተን ነው፤ በዚህ አባዙ ወይም አካፍሉ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብና ከፍታ ላይም ስለሆነች የመሬት ስበቷ ወደ 9.77 ዝቅ ይላል። ያንን ግን እዚህ አታስገቡት። የኪሎግራም-ፎርስ ቁጥር በስምምነት የተወሰነ ነው፤ እንጦጦም ዳሎልም ላይ ያው ነው።

ልክ በ10 እጥፍ ከሆነ ከላይኛው ጋር እንዳታምታቱት፤ ይሄኛው የካልኩሌተር ጣጣ ነው። 6 ፒኮኒውተን ለማስገባት 6፣ ማባዣ፣ 10፣ ኢኤክስፒ (EXP)፣ ኔጋቲቭ 12 ነክታችኋል። ኢኤክስፒ የሚለው ቁልፍ ግን 10ሯን በውስጡ ይዟታል። ስትደግሙለት 60 ፒኮኒውተን ያደርገዋል። 6፣ ኢኤክስፒ፣ ኔጋቲቭ 12፣ በቃ። በፒኮኒውተን ዓለም 10 እጥፍ ቀላል አይደለም። 6 ፒኮኒውተን ገደማ፣ ኪኔሲን የተባለው በሴል ውስጥ ጭነት የሚያመላልስ ፕሮቲን የሚጎትትበት አቅም ነው። 65 ፒኮኒውተን አካባቢ ሲደርስ ግን ዲኤንኤ ራሱ ተለጥጦ 1.7 እጥፍ ይረዝማል።

በ1,000 እጥፍ ከሆነ ማይክሮን ሚሊ ብላችሁ አንብባችኋል። ፋይሉ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲዞር ፎንቱ ይጠፋና የማይክሮ ምልክት የሆነችው የግሪኳ ሚዩ (µ) የሚሊ ምልክት የሆነችውን ትንሿን ኤም (m) ሆና ትመጣለች። ትልቋ ኤም ደግሞ ሜጋ ናት፤ ከሚሊ በ1,000,000,000 እጥፍ ትበልጣለች። ሰው የሚያነበው ከሆነ «ማይክሮኒውተን» ብሎ በቃል መጻፍ ይሻላል።

በ100,000 እጥፍ ከሆነ የድሮ መጽሐፍ ይዛችኋል፤ ቁጥሩ በዳይን፣ ማለትም በድሮው የፎርስ መለኪያ ነው። አንድ ኒውተን 100,000 ዳይን ነው። በ100 እጥፍ ብቻ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ዳይኑን ቀይራችሁ ሴንቲሜትሩን ረስታችኋል። የውኃ የገጽ ውጥረት 72 ዳይን በሴንቲሜትር ነው። ሁለቱንም ስትቀይሩ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ይሆናል፤ ቁጥሩ አይነቃነቅም።

ኤክሴል 0.00 ካለ አትደንግጡ፤ ሴሉ ሁለት ዴሲማል ብቻ እያሳየ ነው። ፎርማቱን ወደ ሳይንቲፊክ ቀይሩት። ያንን 0.00 አይታችሁ ሌላ ቦታ በእጃችሁ ከገለበጣችሁት ግን ቁጥሩ በእርግጥም ጠፍቷል።