ከመኪና ቀለም ላይ ሬንጅ ለማስለቀቅ

አዲስ አስፋልት በሚነጠፍበት መንገድ ያለፈች መኪና በበሮቿ ግርጌና ከጎማዎቿ ኋላ ጥቁር የሬንጅ ነጠብጣብ ይዛ ትመለሳለች። እባካችሁ በጥፍርም በቢላዋም አትፋቁት፤ አብሮ የተጣበቀው አሸዋ ቀለሙን ይቧጭረዋል። ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ስለሆነ ውኃና ሳሙና አይበግሩትም፤ ነጭ ጋዝ ግን ያሟሟዋል። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁማችሁ እጠቧት። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት ነጭ ጋዝ አርሳችሁ ነጠብጣቡ ላይ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ አኑሩት፤ ሲላላ ሳትጫኑ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ገልብጡ። የምግብ ዘይትም ይሠራል፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቲነር በፍጹም! በተለይ በድጋሚ በተቀባ መኪና ላይ ቀለሙን ራሱን ያነሳዋል። ጋዙ ሰሙንም ስለሚወስድ ቦታውን በመኪና ሻምፖ አጥባችሁ እንደገና ሰም ቀቡት። እሳትና ሲጋራ ደግሞ አጠገባችሁ አይድረስ።