አንድ ወንዝ መርጦ ማጥመድ፦ ከአቃቂ ድልድይ እስከ አዋሽ ዳር

በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንኖር፣ በተለይም በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በአለም ገናና በሰበታ በኩል ያለን ሰዎች፣ ዓሣ ማጥመድ ስንጀምር በአንድ ወር ውስጥ ሦስትና አራት ውሃ እንዞራለን። አንዱን ቅዳሜ ቢሾፍቱ፣ የሚቀጥለውን ቆቃ፣ ከዚያም ሰው የነገረንን ሌላ ቦታ እንሞክራለን። እኔ ለጀማሪ የምመክረው አንድ ወንዝ፣ ከዚያም ወንዝ አንዱን ዳር መርጦ ቢያንስ ከመስከረም እስከ መስከረም እርሱኑ መመላለስን ነው። ወንዝ በየወሩ መልኩን ስለሚለውጥ፣ ዓሣው የት እንደሚውል ለይቶ የሚያውቀው ያንኑ ቦታ ሞልቶም ጎድሎም ያየ ሰው ነው።

ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እርሱ ደግሞ የተማረው አቃቂን በማጣቱ ነው። በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከድልድዩ በታች በሸምበቆና በስፌት ክር ያጠምድ እንደነበር ሲነግረኝ፣ ዓሣው ይቆምበት የነበረውን ድንጋይ ሁሉ በእጁ እያመለከተ ነበር። እኔ ስደርስ ግን ውሃው ጠቁሮ፣ አረፋ ተሸክሞ የሚወርድ ሆኗል። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከከተማዋ ሰሜናዊ ተራሮች ተነሥተው አዲስ አበባን ሲያቋርጡ የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውንና የቆዳ ፋብሪካውን ዝቃጭ ተቀብለው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ዛሬም እዚያ መንጠቆ የሚጥሉ ልጆች አያለሁ፤ አንዳንዴም አምባዛ ያወጣሉ። አምባዛ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ አየር መሳብ የሚችል ዓሣ በመሆኑ ሌላው ዓሣ በማይኖርበት የተበላሸ ውሃ ውስጥም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዓሣው በሕይወት መገኘቱ ለመብላት የሚሆን ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ከአቃቂና ከአባ ሳሙኤል የወጣ ዓሣ ቤት መግባት የለበትም። ልጆቹን ስታገኙ በቁጣ ሳይሆን በትዕግሥት አስረዷቸው፤ ብዙዎቹ የሚያጠምዱት ለራት ነውና።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው የምርጫ ደንብ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ተነሥቶ፣ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ በመልካ ቁንጡሬ በኩል አልፎ ወደ ቆቃ ይወርዳል። የአቃቂ ውሃ የሚቀላቀለው ከመልካ ቁንጡሬ በታች ነው። በመሆኑም ለአዲስ አበባ ሰው፣ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ፣ ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት በላይ ያለው የአዋሽ ክፍል የእኔ ቀዳሚ ምርጫ ነው። መልካ ቁንጡሬ በአለም ገና በኩል በቡታጅራ መንገድ ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ለአጥማጅ ይናገራል፤ መሻገሪያ ባለበት ውሃው ይሳሳል፣ ከመሻገሪያው በታች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥልቅ ኩሬ ይገኛል። ስፍራው የጥንታዊ ሰው መኖሪያ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ በቅርሱ አጥር ውስጥ መንጠቆ መጣል፣ ድንጋይ ማንሳትም ሆነ መቆፈር ፈጽሞ አይገባም። ከቅርሱ ክልል ራቅ ብሎ የሚያጠምድ ሰው በቂ ዳር ያገኛል።

ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 በአዋሽ ላይ በተሠራው ግድብ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ዓሣው ብዙ፣ አጥማጁም ብዙ ነው፤ ጉማሬና አዞ ስላለበት ምሽት ላይ ከዳሩ መራቅ ያስፈልጋል። ለገዳዲና ገፈርሳ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ናቸውና ተዉአቸው። በሰሜን በኩል ሙገር ወደ ዓባይ የሚወርድ ሸለቆ ነው፤ መውጫው ጉልበት ይጠይቃል። ባሌ ድረስ መሄድ የሚችል ሰው ደግሞ በወይብና በደንካ ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀውን ትራውት የተባለ የብርድ ውሃ ዓሣ ያገኛል፤ እርሱ ግን የዓመት ጉዞ እንጂ የቅዳሜ ወንዝ አይሆንም።

ወንዙን ከመረጣችሁ በኋላ ወቅቱን ማወቅ ይከተላል። በሐምሌና በነሐሴ አዋሽ ደፍርሶ በሙሉ ኃይሉ ሲወርድ፣ የበቾ ሜዳም ውሃ ሲተኛበት፣ ማጥመድ አደጋ አለው፤ ዳሩ ከሥር ተቦርቡሮ ከእግር በታች ሊናድ ይችላል። ከዚህም ሌላ ወቅቱ የመራቢያ ነው። ቢልጫ የተባለው የወንዝ ዓሣ በክረምት ሙላት ወደ ላይ እየወጣ ጠጠራማ ቦታ ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል፤ አምባዛ ደግሞ ጎርፍ የተኛበትን ሣር ይመርጣል። ስለዚህ እኔ ክረምት ላይ ወደ ወንዙ የምሄደው ለማየት ብቻ ነው፤ የትኛው ዳር እንደተቆረሰ፣ የትኛው ዛፍ እንደወደቀ መዝግቤ እመለሳለሁ። የወደቀው ዛፍ በጥቅምት የዓሣ ቤት ይሆናልና። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ውሃው ጠርቶ ሲረጋ ጥሩው ጊዜ ነው። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ውርጭ ስለሆነ በሌሊት ተነሥቶ መሄድ ትርፉ ብርድ ነው፤ ፀሐይ ውሃውን ካሞቀችው በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ፣ ዓሣው ይነቃቃል። አምባዛን የሚፈልግ ሰው ከ11 ሰዓት በኋላ ይጠብቅ።

ለጀማሪ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሦስት ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ሸምበቆ፣ ከ0.30 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይሎን ክር፣ ጥቂት መንጠቆ፣ ለተንሳፋፊነት የጠርሙስ ቡሽ፣ ለክብደትም ትንሽ እርሳስ ይበቃል። እርሳሱን ከጎሚስታ ቤት የጎማ ባላንስ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከነካችሁት በኋላ ግን እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ። ትል ከከብት በረት አጠገብ፣ እርጥብ እበት ከሥሩ ሲገለጥ ይወጣል፤ ከወጣበት አፈር ጋር በተበሳ ጣሳ ውስጥ ከተቀመጠ እስከ ማታ ይቆያል። ለአምባዛ ጥሬ ጉበት፣ ለቀረሶ (ቲላፒያ) እና ለቢልጫ ትል ወይም ጠንከር ያለ የዱቄት ሊጥ ይሆናል። ቀረሶ የረጋ ውሃ ስለሚወድ በይበልጥ የምታገኙት ቆቃና ቢሾፍቱ ነው።

ከዕቃው ሁሉ ይልቅ የማሳስበው ስለ ቋጠሮው ነው። በ14 ዓመቴ ከአባቴ ጋር አዋሽ ዳር ተቀምጠን ሳለ ቡሹ ሁለት ጊዜ ዘለቀና ወደ ጎን ሄደ፤ ሸምበቆውን ሳነሣው ጫፉ እስከ ውሃው ጎበጠ፤ የአምባዛው ጥቁር ጀርባና ረጅም ጢሙ ለአንድ አፍታ ታየኝ። ከዚያ ክሩ ቀለለ። አባቴ ሳይቆጣ ክሩን ከእጄ ወስዶ ጫፉን አሳየኝ፤ አልተበጠሰም፣ እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሎ ነበር። ቋጠሮው ተፈትቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ እቋጥራለሁ፦ ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሳልፌ፣ ጫፉን በራሱ በክሩ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ እጠመጥማለሁ፤ ከዚያ ጫፉን ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በቀረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ መልሼ አስገባለሁ፤ በምራቄ አርሼ ቀስ ብዬ አጠብቃለሁ። ሳይረጥብ ቢጠብቅ ናይሎኑ እርስ በርሱ ሲፋተግ ግሎ ይደክማል። ትርፉን ከቋጠሮው ሁለት ሚሊ ሜትር ትቼ እቆርጠዋለሁ።

ቡሹ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ወዲያው አትሳቡ። ቢልጫ በድንገት ይነጥቃል፤ ለእርሱ ፈጥኖ ማንሣት ይገባል። አምባዛ ግን ምግቡን በጢሙ ዳስሶ፣ አፉ ውስጥ አስገብቶ፣ ከዚያ ነው የሚሄደው፤ ቡሹ ጠልቆ እስኪጓዝ ድረስ ታገሡት። ዓሣውን ስትይዙም ተጠንቀቁ፦ የአምባዛ የደረቱ ክንፍ ጠንካራ እሾህ አለው፣ ቀረሶም በጀርባው ላይ እሾህ አለው። ትንሹን ዓሣ በደረቅ እጅ አትጨብጡት፤ አካሉን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ይላጥና ወንዝ ውስጥ ቢመለስም ላይድን ይችላል። እጃችሁን አርሳችሁ፣ መንጠቆውን ነቅላችሁ፣ ውሃው ውስጥ ይዛችሁት በራሱ ጊዜ እንዲሄድ ተዉት። የወንዙን ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም አትጠጡ።

አንዳንድ ቦታ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የሚያደነዝዙ ሰዎች አሉ። ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ይገድላል፤ አንድ ኩሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ይሆናል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስላለ፣ በምትመርጡት ወንዝ ላይ የሚሠራውን የፈቃድ ደንብ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከጽሕፈት ቤቱ በማይተናነስ ደግሞ ዳሩ የማን እርሻ እንደሆነ ጠይቁ። እኛ አዘውትረን የምንሄድበት ዳር በአንድ አዛውንት የጤፍ ማሳ በኩል ነው የሚደረሰው። አባቴ መጀመሪያ ቀን «አባባ፣ በዳሩ በኩል ብናልፍ ይፈቅዱልናል?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም «ጤፉን ሳትረግጡ በድንበሩ እለፉ፤ ስትመለሱም ብቅ በሉ» አሉን። ስንመለስ አንድ ቢልጫ ሰጠናቸው። እስካሁን ድረስ ከብቶቻቸው ውሃ ሲጠጡ ውሃው የት እንደሚደፈርስ የሚነግሩን እርሳቸው ናቸው። ጠበል ባለበት፣ እንዲሁም የኢሬቻ በዓል በሚከበርበት ውሃ ዳር ግን ቦታው ባዶ ቢሆንም እንኳ መንጠቆ አይጣልም።

አሁን ወደ ማስታወሻ ደብተሩ ልምጣ፤ ለእኔ ከሸምበቆው ይልቅ የሚበልጠው እርሱ ነው። ማታ ቤት ስትገቡ፣ ዓሣው ለጥብስ ወይም ለዱለት እየተዘጋጀ ሳለ፣ ቀኑን፣ ባለፈው ሳምንት ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ የውሃውን ቀለም፣ የያዛችሁበትን ሰዓት፣ ምግቡንና ቦታውን ጻፉ። ቀለሙን በምታውቁት ነገር መስሉት፤ የአባቴ ደብተር «የጠላ ቀለም»፣ «የሻይ ቀለም»፣ «የወተት ቡና» ይላል፤ እኔም ዳሩ ላይ ስቆም የትኛው እንደሆነ አይቼ አውቃለሁ። ለየኩሬው ስም አውጡለት፤ የአካባቢው ሰው ያወጣለት ስም ካለ ደግሞ እርሱን ያዙ። ምንም ያልያዛችሁበትንም ቀን አትዝለሉ፤ ባዶ ቀናቱ ተሰብስበው ሲታዩ ብርዱንና ነፋሱን ያሳያሉ።

በዕድሜ የገፉ አጥማጆችን ስትጠይቁ «ድሮ እንዴት ነበር?» ብትሏቸው «ድሮማ ሞልቶ ነበር» ብለው ያበቃሉ። ከዚያ ይልቅ አንድ ቀን ጠይቋቸው፦ ትልቁን ዓሣ የያዙት የት ቆመው ነበር? ውሃው እስከየት ደርሶ ነበር? ዓሣውን ማን ተሸክሞ ቤት አስገባው? እንዲህ ሲጠየቁ እጃቸው ይነሣል፤ ድንጋዩን፣ ዛፉን፣ ጥምዙን ያሳያሉ። አባቴ በሁዳዴ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ዓሣ ሲፈልግ የሾላ ፍሬ በሚረግፍበት ዳር ቢልጫ ይሰበሰብ እንደነበር የነገረኝ በዚህ መንገድ ነው። አዋሽ ዳር አንድ ሾላ ፈልጌ ሦስት ዓመት በየካቲትና በመጋቢት ተመላለስኩ፤ ፍሬው ውሃው ላይ ጠብ ሲል ከሥሩ የሚነሣውን ትንሽ ክብ ሞገድ አየሁ፤ መንጠቆዬንም በዚያው ላይ ጣልኩ።

አባቴ አሁን ጉልበቱን ስለሚያመው ወንዝ አይወርድም። ቅዳሜ ማታ ደብተሩን ወስጄ እሰጠዋለሁ፤ መነጽሩን አድርጎ የጻፍኩትን ያነባል፤ የውሃውን ቀለም ያልጻፍኩ እንደሆነ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀኝ እርሱን ነው።